የእሾህ ቁስልና የብሽሽት ንፍፊት፦ የመከላከያ ሴሎችን የሚመሩት ኬሞካይኖች

በእሾህ የተወጋ እግር ሲያመረቅዝ፣ ከቁስሉ ርቆ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ማውጣቱ የተለመደ ነው። እብጠቱ የሊምፍ ዕጢዎች በሥራ መጠመዳቸውን የሚያመለክት ሲሆን፣ በቁስሉና በዕጢው መካከል ለሚመላለሱት ነጭ የደም ሴሎች መንገድ የሚያሳዩት ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። በሰው አካል ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ኬሞካይኖች ይታወቃሉ። ኬሞካይን በሚመነጭበት ቦታ በዝቶ፣ ከዚያ በራቀ መጠን እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ለእርሱ የሚስማማ ተቀባይ ፕሮቲን በገጹ ላይ ያለው ሴል ልዩነቱን እየለየ ወደ በዛበት አቅጣጫ ይሳባል፤ ተቀባዩ የሌለው ግን ጥሪው ሳይሰማው ያልፋል።

ይህ ምሪት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቲ ሴል ለሚባለው የመከላከያ ሴል ነው። እያንዳንዱ ቲ ሴል የሚለየው የተወሰነ የባዕድ ምልክት ብቻ በመሆኑ፣ አንድን ተህዋሲ የሚያውቀው ከ100,000 አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂቶቹ ቁስል ባለበት ሁሉ ከሚባዝኑ ይልቅ መገናኛ ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል። በቆዳ ሥር ዘብ የሚቆመው ዴንድሪቲክ ሴል የተህዋሲውን ቁራጭ ከዋጠ በኋላ ሲሲአር 7 የተባለውን ተቀባይ ያወጣና ሲሲኤል 21 የተባለውን ኬሞካይን ተከትሎ ወደ ሊምፍ ዕጢው ይጓዛል። ገና ያልተፈተኑ ቲ ሴሎችም ይህንኑ ተቀባይ ስለያዙ፣ ከደም ሥር ወጥተው ወደዚያው ይገባሉ።

የሚያውቀውን ምልክት ያገኘ ቲ ሴል በጥቂት ቀናት ውስጥ ደጋግሞ ይራባል፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ሲሲአር 7ን ቀንሰው ሌላ ተቀባይ ይለብሳሉ። ሲኤክስሲአር 3 ያላቸው ወደተቆጣው አካል፣ ሲሲአር 9 ያላቸው ወደ ትንሹ አንጀት ሲሄዱ፣ ሲኤክስሲአር 5 ያላቸው ደግሞ እዚያው ዕጢው ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጩትን ቢ ሴሎች ለማገዝ ይቀራሉ። ቁስሉ ዘንድ የደረሱትም ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ፕሮቲን ስለሚረጩ፣ የአካባቢው ሴሎች ተጨማሪ ኬሞካይን አመንጭተው ሌሎችን ይጠራሉ።

ይሁንና ተቀባዮቹ ለጠላትም መግቢያ ይሆናሉ። ኤች አይ ቪ ወደ ቲ ሴል ሲገባ ሲዲ 4 ከተባለው ፕሮቲን ጋር ሲሲአር 5ን እንደሚጠቀም በ1996 እ.ኤ.አ. የታወቀ ሲሆን፣ ከሁለቱም ወላጆቻቸው የተጓደለ የሲሲአር 5 ዘረ መል የወረሱ ሰዎች በቫይረሱ እምብዛም አይያዙም። ይህንኑ በር የሚዘጋው ማራቪሮክ የተባለ መድኃኒትም በ2007 እ.ኤ.አ. ጸድቋል። ነገር ግን ሲሲአር 5 የሌላቸው ሰዎች በዌስት ናይል ቫይረስ ሲያዙ ሕመሙ ይበልጥ ሊጠናባቸው እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ቫይረስ የሚሾልክበት በር የመከላከያ ሴሎችም መንገድ ነውና፣ ሲዘጋ ለሁለቱም ይዘጋል።