ስለ ሰባራ ድልድይ

ድልድይ ሁለት አገር ያገናኛል፤ ሁለት ቤተ ዘመድም ያዛምዳል። በሞጣ በኩል ጎጃምንና በጌምድርን፥ ማለት የዛሬውን ደቡብ ጎንደር፥ ለማገናኘት በዐባይ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም.) እንደ ተሠራ ይነገራል። ብዙ ሰዎች የፖርቱጋል ድልድይ ይሉታል፤ ነገር ግን ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት እኒሁ ንጉሥ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

የቅስት ጥበብ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የእንጨት ድጋፍ ይቆማል፤ በላዩም የተጠረበ ድንጋይ ከግራና ከቀኝ በኖራ እየተያያዘ ይደረደራል። የመካከለኛው ድንጋይ በገባ ጊዜ ድጋፉ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ድንጋዩን ከድንጋይ ያጣብቀዋል እንጂ አይለያየውም።

በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ ሲሉ ትልቁን ቅስት ሰበሩት። የሰበሩት የገዛ ወገናቸውን መሻገሪያ ነበር፤ ስለ ነጻነት ሲባል ግን ተጨከነበት። ስሙም ሰባራ ድልድይ ተባለ።

ከዚህ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ወደ ገበያ የሚሄድ፥ ዘመድ የሚጠይቅ ሁሉ ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ በወዲህና በወዲያ ባሉ ሰዎች እየተጎተተ፥ ከታች ዐባይ እየጮኸ ይሻገር ነበር። አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ ረዳቶች አሰባሰበ፤ በ1994 ዓ.ም. ከአገሩ ሰዎች ጋራ ሆነው ክፍተቱን በብረት ደፈኑት። በ1997 ዓ.ም. ግን ጎርፍ ወሰደው። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ፤ የቀድሞው የድንጋይ ሥራም ለመታሰቢያ ቀረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አርበኞቹ ቅስቱን የሰበሩት አገር ለማዳን ነው። ለጓሮው አጥር ሲል ከጥንት ሕንጻ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰውስ ምን ምክንያት ያቀርባል? ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሣትንና ማበላሸትን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ዘበኛ በየድልድዩ ሊቆም አይችልም። እናትና አባት ለልጆቻቸው፥ ይህን የሠሩት እነማን እንደ ሆኑ፥ ስለ ምንም እንደ ተሰበረ ቢነግሯቸው ከዘበኛ ይበልጣል። ታሪኩን የሰማ ልጅ ድንጋዩን አይነካምና።