በደባርቅና በዳባት ስላሉት ትምህርት ቤቶች አስተዳደርና ገንዘብ፤ ስለ ወላጆችም ድርሻ

እሑድ ከቀትር በኋላ ከስሜን ደጋ ወደ ደባርቅ ከተማ በሚያወርደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው፥ ስንቃቸውን በትከሻቸው ያነገቱ ወጣቶች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ሲወርዱ ያያል። በከረጢታቸው ውስጥ ድርቆሽ፥ ሽሮ፥ በሶና የገብስ ቆሎ፥ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ድንች ይገኛል። እነዚህ ልጆች በከተማው ውስጥ ለሦስት ወይም ለአራት ሆነው በኪራይ በያዟት ጠባብ ቤት ይሰነብታሉ፤ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጧት ባዶውን ከረጢት ይዘው ወደየቤታቸው ይወጣሉ። በዳባትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በገጠሩ ቀበሌ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢገኝም፥ ሁለተኛ ደረጃው ብዙውን ጊዜ በከተማ ወይም በሩቅ ቀበሌ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወዲያ መማር የሚፈልግ ልጅ ስንቅ መቋጠር ግድ ይሆንበታል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በመንግሥት ወጪ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን የቤት ኪራዩን፥ ደብተሩን፥ ስንቁንና ከሁሉም የሚበልጠውን የልጁን ጉልበት የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የሚከፍል ወላጅ፥ ትምህርት ቤቱን ማን እንደሚያስተዳድረው፥ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፥ በመጨረሻም ልጁ ምን ይዞ እንደሚወጣ ለማወቅ መብት ያለው ሰው ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

በዚህ አገር ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም በዚሁ በስሜን፥ በጃን አሞራ የምትገኝ ናት፤ በየደብሩም ከንባብ ቤት እስከ ቅኔ ቤት ልጆች ይማሩ ነበር። የዚያ ትምህርት በጀት ቁራሽ ነበረ። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፥ ኮሮጆውን አንግቶ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይቆማል፤ የቤቲቱም እመቤት ካላት ላይ ትቈርስለታለች። ውሻው ለብቻው የሚከፈል ግብር ነበረ። ይህን የሚጽፈውም ሰው የዚያ ቁራሽ ባለ ዕዳ ነው። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርን ጊዜ ደብተርና እርሳስ በነጻ ሲታደለን ደስ ቢለንም፥ ከወላጆቻችን አንዱ እንኳ ሒሳቡን ለማየት ተጠርቶ አያውቅም። ስጦታ ነውና ሒሳብ የሚጠይቅ አልነበረም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚባለው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ካስከፈቱት ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ደረሰ። ለአውራጃዎቹ ትምህርት ገንዘብ ለማግኘት የተደረገው ትልቁ ውሳኔ በ1940 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርት ግብር ነው። በዚህ አዋጅ በመሬት ላይ የሚከፈል የትምህርት ግብር ተመደበ፤ ገንዘቡም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፥ ይህንንም የሚቈጣጠር የትምህርት ቦርድ በየግዛቱ እንዲቋቋም ታሰበ። አሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን በበጌምድርና በስሜን መሬቱ በጋሻ ያልተለካ፥ ከአባት ለልጅ የሚወርድ የርስት አገር ስለ ነበረ፥ በደቡቡ አገር በጋሻ እየተሰላ የሚሰበሰበውን ያህል ግብር እዚህ ለመሰብሰብ አስቸጋሪ ሆነ። ርስቱን ያላስለካ ሰው ግብሩ ሲቀልለው ደስ ይለዋል፤ የልጁ ትምህርት ቤት ግን በዚያው መጠን ይዘገያል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ በታወጀ ጊዜ ይህ የመሬት ሥርዓት ከነጭራሹ ተለወጠ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በየገበሬው መንደር ለሽማግሌውና ለባልቴቷ ፊደል አስቈጠረ።

ወደ ዛሬው አስተዳደር እንምጣ። ደባርቅ ቀድሞ በአንድነት ይተዳደር ከነበረው ሰሜን ጎንደር ሦስት ዞኖች ሲወጡ የአዲሱ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች። የትምህርት ሥራ ደረጃው ብዙ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ፖሊሲውንና የ12ኛ ክፍሉን ፈተና ይይዛል፤ በባሕር ዳር ያለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ፖሊሲውን ለክልሉ ያስማማል፥ የመምህራን ኮሌጆችንም ይመለከታል፤ በደባርቅ ያለው የዞኑ ትምህርት መምሪያ ይከታተላል፥ ይደግፋል። መምህር የሚቀጥረው፥ ደመወዝ የሚከፍለው፥ መምህሩን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚያዛውረው ግን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ የዳባት ገበሬ አቤቱታ ቢኖረው ወደ ሩቅ ሳይሄድ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ይህ ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ ማመልከቻውን ወደ ላይ ይልካል፤ ማመልከቻውም ከወራት በኋላ «ለሚመለከተው ወረዳ» የሚል ተጽፎበት ወደ ታች ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ወረቀት በመዝገብ ቤት ሥራችን አዘውትረን አይተነዋል።

የገንዘቡ አካሄድ የመስኖ ውኃ ይመስላል። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሉ ድጎማ ይሰጣል፤ ክልሉም የራሱን ገቢ ጨምሮ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው ሥርዓት ለየወረዳው በጥቅል ያከፋፍላል፤ የወረዳው ምክር ቤትም ለትምህርት፥ ለጤና፥ ለእርሻና ለሌላውም ይደለድላል። ከወረዳው በጀት ሰፊውን ድርሻ የሚወስደው ትምህርት ነው፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ መምህር ሳይበላ አያስተምርም። ነገር ግን ውኃው ጠመኔ፥ መጽሐፍ፥ ወንበርና የጣሪያ ቆርቆሮ ወደሚጠብቁበት ወደ ማሳው ጫፍ ሲደርስ ጠብታ ብቻ ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር፥ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ባዋጡት ገንዘብ፥ በተማሪ ቍጥር እየተሰላ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የሚደርስ ድጎማ ያመጣው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነው። አገልግሎቱም ብዙ ነበረ። በተማሪ ቍጥር የሚሰላ ገንዘብ ግን መዝገቡ ትክክለኛ እንዲሆን ይጠይቃል። በመስከረም ተመዝግቦ በጥር ለእረኝነት የተመለሰ ልጅ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ከቀረ፥ ሒሳቡ ልክ ያልሆነ ይሆናል፤ ልጁም ጠፍቶ ሳለ ፈላጊ አያገኝም።

የቀረውን የሚሞላው ሕዝቡ ነው። በስሜን ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ድንጋይ የሚፈለጠው፥ ባሕር ዛፍ የሚቈረጠው፥ ዳስ የሚጣለው፥ የመምህሩ ማደሪያ የሚመረገው በወላጆች ጉልበት ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ስም ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች መሻሻል እንዲያዋጣ ንቅናቄ ጀምሯል። ከዚህ ጋራ አንድ ነገር አስተውሉ። በደባርቅ ከተማ በፌዴራል መንግሥት በጀት የሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ለአገሩም ታላቅ ክብር ነው። ከዚያው አጠገብ በገጠሩ ግን የ1ኛ ክፍል ሕፃን በገበሬ መዋጮ በተሠራ የጭቃ ቤት፥ አንዳንዱም በዳስ ይማራል። የቤቱ ጣሪያ በሀብታሙ፥ መሠረቱ በድኻው ሲሠራ ያስደንቃል። በእኛ አስተያየት መዋጮው አይጠላም፤ ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ መዋጮ ግን መቅረት አለበት። በስብሰባ ላይ «በፈቃድ ነው» ተብሎ ከተነገረ በኋላ ያልከፈለውን ሰው ስም በሕዝብ ፊት ማንበብም የፈቃድ ወግ አይደለም።

ፍሬውስ? በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምርመራ፥ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ የሚያህሉት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በንባብ ቤት አቡጊዳ የቈጠርን ሰዎች ይህን ስንሰማ እንደነግጣለን፤ የኔታ በአለንጋም ቢሆን ፊደል ሳያስለዩ ወደ ሌላ አያሻግሩም ነበር። (አለንጋውን ማመስገናችን አይደለም፤ ምልክቱ እስከ ዛሬ አለብን።) ከታች የጎደለው ከላይ ታየ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ በአገሪቱ ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት የ2014ቶቹ 3.3 ከመቶ፥ የ2015ቶቹ 3.2 ከመቶ፥ የ2016ቶቹ 5.4 ከመቶ፥ የ2017ቶቹ 8.4 ከመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የሆኑበት ዓመት ነበረ። ቍጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ከመቶ ልጆች ዘጠና የሚበልጡት ዐሥራ ሁለት ዓመት ስንቅ ተሸክመው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል ማለት ነው።

ለዚህ ጥፋተኛው መምህሩ ብቻ ነው የሚል ሰው የዚህን አገር የቅርብ ዓመታት አያውቅም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገባ የዳባት ልጅ በመጋቢት በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜኑ የተነሣው ጦርነት አዲ አርቃይን አልፎ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በነሐሴ ማብቂያም በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የሸሹት ቤተሰቦች ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሲጐርፉ የመማሪያ ክፍሎች የስደተኛ ማደሪያ ሆኑ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ሌላ ግጭት ተከተለ፤ በጃን አሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ደግሞ ድርቅ ተጨመረ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ እንደ ሆኑ ተነግሯል። ያ ልጅ ትምህርቱን ሳይተው ቢቀጥል ኖሮ በዚያ ዓመት 6ኛ ክፍል ይሆን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሴቶች ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱ ከብት ይጠብቃል፤ ሴቲቱ ግን ትዳራለች። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም፥ ወላጆች «ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ» ይላሉ፤ በከተማም በኪራይ ቤት ብቻዋን መኖሯን ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለምና መናቅ አይገባም። በአንዳንድ ቀበሌ እንደሚደረገው፥ የጎረቤታሞች ሴቶች ልጆች በአንድ ታማኝ ዘመድ ግቢ አብረው እንዲከራዩ፥ ወላጆችም በየተራ እየወረዱ እንዲጠይቋቸው ቢደረግ ፍርሃቱ ይቀልላል። ወረዳው ለሴቶች ማደሪያ ቢሠራ ግን እጅግ የበለጠ ነው፤ ይህንንም አሳብ በበጀቱ ውይይት ላይ ማንሣት የሚገባቸው ወላጆች ናቸው።

ወላጆች የሚናገሩበት ወንበር ተዘጋጅቶላቸዋል። በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ፤ በየትምህርት ቤቱም የወላጆች፥ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት አለ። የትምህርት ቤቱ ዕቅድና የድጎማው ወጪ በእነዚህ ፊት ቀርቦ መጽደቅ፥ ሒሳቡም በግልጽ መታየት እንዳለበት ሥርዓት ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ርእሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤውን አስቀድሞ ጽፎ ሲያመጣ አባላቱ ፈርመው የሚሄዱበት ስፍራ ጥቂት አይደለም። ማንበብ የማይችል አባል ቢኖር ይነበብለት ዘንድ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ ዘንድሮ ስንት ብር ገባ፥ በምን ወጣ፥ በመስከረም ከተመዘገቡት ልጆች ዛሬ ስንቱ በክፍል ውስጥ አሉ።

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ሕዝቡ ሳይበተን፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ባለው ዛፍ ሥር ነው። ወንዶቹ ከፊት፥ እናቶች ከኋላ ይቀመጣሉ። በዚያው ሰዓት የአንዳንዶቹ ልጆች ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ደባርቅ ለመውረድ የእናታቸውን መመለስ ይጠብቃሉና፥ የሒሳቡ ነገር ከመጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያ ቢነሣ እናቶችም ሰምተው ይሄዳሉ።