የአሮጌ ላንድሮቨር የዘይት ፓምፕ አያያዝ

እንደ ኑኑ ቁምባ ባሉ የወለጋ ወረዳዎች የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ ከገበሬው ዘንድ መድረስ ያለበት ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው ነው። መንገዱ ከጨቀየ በኋላ መኪና ረጅም ሰዓት በከባድ ማርሽ ስለሚጓዝ ሞተሩ ይግላል፤ ዘይቱም ይቀጥናል። የደከመ የዘይት ፓምፕ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ከነከሰ ደግሞ ጥገናው ሳያልቅ የዘር ወቅቱ ያልፋል።

እዚህ የምንመለከተው ከ1958 እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) በተሠሩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት ላንድሮቨሮች ላይ በብዛት የሚገኘውን 2.25 ሊትር ሞተር ነው። ፓምፑ በኮፓው ውስጥ ይገኛል። ከካምሻፍት በሚዞር ዘንግ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ጥርሶች ዘይቱን በወንፊቱ ስበው ወደ ብሮንዚናዎቹ ይገፉታል። ግፊቱ ሲበዛ በሞላ የተያዘው ኳስ ይከፈትና ትርፉን ይመልሳል።

የዘይት መብራት ስለበራ ብቻ ፓምፑ መፈታት የለበትም። በቅድሚያ የዘይቱ ልክ ይታይ፤ ቀጥሎ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ይፈተሽ። በጋለ ሞተር፣ በደቂቃ 2,000 ዙር ገደማ፣ ከ35 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ. መገኘት አለበት። አንዳንድ ሾፌሮች ወፍራም ዘይት ጨምረው መብራቱን ያጠፉታል፤ ይህ በሽታውን መደበቅ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ግፊቱ ካነሰ ዘይቱ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ይፍሰስ። በውስጡ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ ብሮንዚናዎቹም ተበልተዋልና ፓምፕ መለወጥ ብቻውን አያድንም። ኮፓው ከወረደ በኋላ ወንፊቱ በናፍታ በደንብ ይታጠብ፤ ጥፋቱ የተደፈነው ወንፊት ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ፓምፑ ሲከፈት ቀጥ ያለ ብረት በጥርሶቹ ላይ ተጋድሞ በእነርሱና በክዳኑ መካከል የሚኖረው ክፍተት ይለካ። ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ካለፈ ፓምፑ አርጅቷል። ክዳኑ ብቻ ከተቦረቦረ ግን ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ተዘርግቶ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ጭረቱ እስኪጠፋ በእኩል እጅ ይፈተግ። የኳሱ መቀመጫና ሞላውም አይዘለሉ።

ፓምፑ ከመገጠሙ በፊት በንጹሕ ዘይት ይሞላ፤ በደረቁ የተገጠመ ፓምፕ ዘይት መሳብ ያቅተዋል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ ቡሎኖቹም ተራ በተራ እኩል ይጥበቁ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎ፣ የናፍታ ከሆነ ነዳጁ ተዘግቶ፣ በሞተሪኖ ጥቂት ጥቂት ሴኮንድ እያረፈ ይዙር። ከተነሣ በኋላ መብራቱ ወዲያው ካልጠፋ ሞተሩ ሳይዘገይ ይጥፋ።

የፈሰሰው ዘይት በበርሜል ይጠራቀም እንጂ ወንዝ ዳር አይደፋ።