የኤፌል ግንብና አንድ የሞድ ፎቶግራፍ

የሞድ ፎቶግራፍ ልብስ ለመሸጥ የሚነሣ ስለ ኾነ ለጥናት አይበቃም የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንዳንዱ ፎቶግራፍ ልብሱን ብቻ ሳይኾን ልብሱ የታየበትን ከተማ አሠራር ጭምር ያስረዳል እንላለን። ለዚህ አስረጅ አድርገን የምናቀርበው ኤርቪን ብሉመንፌልድ በፓሪስ ያነሣውንና በ1939 ዓ.ም. በሜይ ወር በፈረንሳዩ ቮግ መጽሔት የወጣውን ሥዕል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በሥዕሉ ላይ ስዊድናዊቷ ሊዛ ፎንሳግሪቭ በኤፌል ግንብ የብረት ጠርዝ ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ጨብጣ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብላ ትታያለች። በሌላው እጇ የዘረጋችው የሉስየን ሌሎንግ ቀሚስ በነፋስ ተገልጦ ክንፍ ይመስላል። ሊዛ አስቀድማ ዳንስ የተማረች ስለ ነበረች ሚዛን መጠበቅ ታውቃለች፤ ኾኖም ተመልካቹ ልቡ ሳይደነግጥ አያያትም።

ድንጋጤው ከከፍታው ብቻ የመጣ አይደለም፤ በሥር ያለው ከተማ ዝቅ ያለ መኾኑም ይጨምርበታል። ባሮን ኦስማን ከ1853 እስከ 1870 ዓ.ም. ፓሪስን ሲያድስ ሰፋፊ ጐዳናዎችን አስቀደደ። በ1859 ዓ.ም. የወጣው ደንብም በ20 ሜትር ጐዳና ዳር የሚሠራ ቤት የፊት ግድግዳው ከ20 ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚህ ምክንያት ከተማው በአንድ ልክ የተከረከመ አጥር ይመስላል። በ1889 ዓ.ም. የተፈጸመው ግንብ ግን 300 ሜትር ነበር፤ ይኸውም የዚያ ግድግዳ 15 እጥፍ መኾኑ ነው። በ1887 ዓ.ም. ሥራው ሲዠመር ብዙ ደራስያንና ሠዓሊዎች የከተማችንን ውበት ያበላሻል ብለው በጋዜጣ የተቃወሙትም ስለዚህ ነው።

ግንቡን የነደፉት መሐንዲሶች ሞሪስ ኬክላንና ኤሚል ኑጊዬ ሲኾኑ፣ አርክቴክቱ ስቴፋን ሶቬስትር መልኩን አሳመረው። ዋናው ጭንቀታቸው ነፋስ ነበር። ነፋስ ሰፊ ገጽ ካገኘ በኀይል ይገፋል፤ ስለዚህ 7,300 ቶን የሚመዝነውን ብረት እንደ ወንፊት ክፍት አድርገው በ2,500,000 ችንካሮች አያያዙት። አራቱ እግሮች ወደ ታች እየሰፉ የሚወርዱበት መስመርም ነፋሱን ለመቋቋም የተሰላ ነው። እንግዲህ ሥዕሉን መልሰን ስንመለከት ቀሚሱ ነፋሱን ይይዛል፤ ብረቱ ያሳልፈዋል። በዐይን የማይታየው ነፋስ በኹለቱ መካከል ይታወቃል።

ግንቡ የተፈቀደለት ለ20 ዓመት ብቻ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ከመፍረስ ያዳነው ለሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ምሰሶነት መጥቀሙ ነው። ፎቶግራፉ የወጣውም ግንቡ 50ኛ ዓመቱን በያዘበት ጊዜ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነት ተነሣ፤ በጁን 1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ፓሪስ ገባ። በበርሊን የተወለደው አይሁዳዊው ብሉመንፌልድም በፈረንሳይ በእስረኞች ሰፈር ተዘግቶ ከቈየ በኋላ በ1941 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ለመሸሽ ቻለ።

ከዚህ የምንረዳው የሕንፃ ታሪክ በመሐንዲሶች ንድፍ ብቻ የሚገኝ አለመኾኑን ነው። ንድፉ ብረቱ እንዴት እንደ ቆመ ይነግረናል፤ ፎቶግራፉ ግን ሰው በዚያ ብረት ላይ በሰላሙ ዘመን መጨረሻ እንዴት እንደ ቆመ ያሳየናል። ተማሪ ኹለቱን ጐን ለጐን አድርጎ ቢመረምር ይጠቀማል።