«በዚህ ዕድሜ ከእንግዲህ…»፦ ስለ ጉዳትና ማገገም ተረትና እውነታ

አንድ አዛውንት ወድቀው እጃቸው ሲሰበር ወይም ጉልበታቸው ሲያብጥ ከየቤቱ የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው። «በቃ ይረፉ፣ አይነሱ፣ ውሃውንም እኛ እናቀርባለን። በዚህ ዕድሜ ከእንግዲህ ምን ሊሠሩ!» ይባላል። ምክሩ ከፍቅርና ከአክብሮት የሚወጣ ነው። ይሁንና በብዙ አረጋውያን ላይ ከስብራቱ ያልተናነሰ ጉዳት የሚያደርሰው ይኸው በፍቅር የመጣ መቀመጥ ነው። ጎልማሳውም ቢሆን አርባን ተሻግሮ ወገቡን ሲይዘው ወይም ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲለው «አረጀሁ» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ዕድሜ ማገገምን ያዘገያል፤ አይከለክልም። በመካከላችን የሚነገሩ ሰባት እምነቶችን ከእውነታው ጋር እናስተያይ።

ተረት 1፦ ያረጀ አካል አይጠገንም

እውነታ፦ አጥንት በሰባም በሰማንያም ዓመት ይጠገናል። የእጅ አንጓቸው የተሰበረ የሰባ ዓመት እናት ጄሶው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈታላቸዋል። የእግር ረጃጅም አጥንቶች ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ፤ ይህ ወጣቱንም የሚጠብቀው ነው። ጥገናውን ከዕድሜ ባልተናነሰ የሚያጓትቱት በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የምግብ ማነስና የደም ዝውውር ችግር ናቸው። በእነዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ማድረግ ይቻላል።

ከዕድሜ ጋር በግልጽ የሚቀንሰው ጡንቻ ነው። ሰው ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ ያጣል፤ ስልሳን ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። ይህም ቢሆን በከፊል ይመለሳል። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በቦስተን የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው ዘጠና የሆነ ደካማ ሰዎችን ለስምንት ሳምንታት በእግራቸው ክብደት አሠራቸው። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ የጭናቸው ጡንቻም 9 በመቶ ወፈረ። በዘጠና ዓመት ይህ ከሆነ በስልሳ «አለቀልኝ» ማለት ከእውነት ጋር አይገጥምም።

ከአገራችን ሯጮች ቀነኒሳ በቀለ በባትና በአኪለስ (በተረከዝ) ጅማት ጉዳት ለዓመታት ከውድድር ሲርቅና ሲመለስ ቆይቶ በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡01፡41 ሮጠ። በ41 ዓመቱ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የለንደን ማራቶንን በ2፡04፡15 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። እንደ እሱ የሚሮጥ ሰው ጥቂት ነው። በትዕግሥትና ደረጃ በደረጃ የተሠራበት አካል ግን ከአርባ በኋላም ጭነት እንደሚሸከም ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ተረት 2፦ የተጎዳ ሰው መተኛት አለበት

እውነታ፦ የተጎዳው ቦታ ማረፍ ያስፈልገዋል፤ መላው ሰውነት ግን መተኛት አያስፈልገውም። ይህን ልዩነት አለማወቅ ነው ብዙዎችን አልጋ ላይ ያስቀረው። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት በአማካይ 67 ዓመት የሆናቸው ጤናማ ሰዎች ለአሥር ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በአሥር ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ ጠፋ። እነዚህ በሽታም ስብራትም ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ ረጅም መተኛት የደም መርጋትን፣ የሳንባ ምችን፣ የአልጋ ቁስልንና የሆድ ድርቀትን ይጋብዛል።

ለዚህ ነው የዳሌ ስብራት የገጠማቸው አረጋውያን በተቻለ መጠን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙና በማግሥቱ በሰው ተደግፈው እንዲቆሙ የሚደረገው። ለተራ የወገብ ሕመምም ለሳምንታት መተኛት ቀርቷል፤ እንደ አቅም መንቀሳቀስ ቶሎ ያድናል። ለወለምታ «እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ» የሚለውን የታወቀ መመሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እንኳ በ2014 እ.ኤ.አ. ፍጹም እረፍትና በረዶ ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈው ምክራቸውን አሻሽለዋል።

ቤተሰብ እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። እጃቸው በጄሶ የታሰረ አባት እግራቸው ደህና ነው፤ ከግቢ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጎረቤት ይራመዱ። ጉልበታቸውን ያመማቸው እናት ተቀምጠው ምስር ይልቀሙ፣ ቡና ይቁሉ፣ ከወንበር ሲነሱም ከመጎተት ይልቅ በራሳቸው ጉልበት እንዲነሱ ጊዜ ይሰጣቸው። የሚረዳቸው ሰው አጠገባቸው ቆሞ መጠበቁ ይበቃል።

ተረት 3፦ ካመመ እየተበላሸ ነው

እውነታ፦ ሕመም ሁልጊዜ አዲስ ጉዳትን አያመለክትም። ሳይንቀሳቀስ የቆየ መገጣጠሚያ መልሶ ሲሠራ ያማል፤ ጅማትም እንደዚያው ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሐኪም አልፍሬድሰንና ባልደረቦቻቸው ለታመመ የአኪለስ ጅማት ባወጡት የ12 ሳምንት እንቅስቃሴ፣ ታማሚዎቹ መጠነኛ ሕመም እየተሰማቸውም እንዲቀጥሉ ነበር የታዘዘው፤ ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መለኪያ ቀላል ነው። ሕመሙን ከአሥር ቢመዝኑት እስከ ሦስትና አራት ድረስ ከሆነ፣ በማግሥቱ ጠዋትም ወደ ነበረበት ከተመለሰ መቀጠል ይቻላል። ሕመሙ ካደረ ወይም እብጠት ከጨመረ እንቅስቃሴውን መቀነስ ነው። ሕመሙን በዳይክሎፌናክ ወይም በአይቡፕሮፌን እያደነዘዙ መቀጠል ግን መፍትሔ አይደለም። እነዚህ መድኃኒቶች በተለይ በአረጋውያን ላይ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱና የደም ግፊትን ሊጨምሩ ይችላሉ። ከፋርማሲ እየገዙ ለሳምንታት መዋጥ ሊቆም ይገባል።

ተረት 4፦ ለአጥንት ከሐኪም ወጌሻ ይበልጣል

እውነታ፦ ወጌሻ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ታማሚውንም እንደ ዘመድ ያነጋግራል። ቀላል ወለምታ በእጁ ዳነ የሚባለው ብዙ ጊዜ ወለምታው በራሱ ጊዜ የሚድን ስለሆነ ነው። አደጋው ስብራት ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ በሸምበቆና በጨርቅ ጠብቆ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደም ሥሮችን ይጨቁናል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ መጨረሻው ጋንግሪንና መቆረጥ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች ለእጅና ለእግር መቆረጥ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ይኸው ጠብቆ መታሰር ነው። የስኳር ሕመም ወይም ደካማ የደም ዝውውር ላለባቸው አረጋውያን አደጋው የበለጠ ነው።

በጄሶም ሆነ በሸምበቆ የታሰረ ሰው ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው መላላት፣ ሰውየውም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ማሸትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ራጅ ሳይነሣ ስብራትን ማሸት አጥንቱን ሊያንሸራትት ይችላል። ያለ ግልጽ ምክንያት ያበጠ ባት ደግሞ የረጋ ደም ያለበት ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ አይታሽም። ወድቀው መቆም ያቃታቸው፣ አንድ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ አዛውንት የዳሌ ስብራት እንዳለባቸው ተገምቶ ሳይታሹ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።

ተረት 5፦ በራጅ «ተበልቷል» ከተባለ አለቀ

እውነታ፦ የጀርባ ዲስክ መሳሳት ሕመም በሌላቸው ሰዎችም ላይ በብዛት ይገኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ግምገማ፣ ጀርባቸውን ምንም ከማያማቸው የሃያ ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከሰማንያ ዓመት አረጋውያን ደግሞ 96 በመቶው በምስል ምርመራ የዲስክ መሳሳት እንደሚታይባቸው አሳይቷል። ምስሉ የሚያሳየው ለውጥ እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ሊሆን ይችላል። የጉልበት መገጣጠሚያም «ተበልቷል» በተባለ ጊዜ የመጀመሪያው ሕክምና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ትርፍ ክብደትን መቀነስ ነው። ወረቀቱን ይዞ ቤት መቀመጥ ጉልበቱን ያባብሰዋል።

ተረት 6፦ የቅልጥም መረቅ አጥንትን ይገጥማል

እውነታ፦ መረቅ ጉሮሮን ያረጥባል፣ ምግብ የተጸየፈን ሰው ያነቃቃል። በውስጡ ያለው ካልሲየም ግን ጥቂት ነው። ለአጥንትም ለጡንቻም ዋናው መሠረት ፕሮቲን ነው፤ አረጋውያን የሚያንሳቸውም ይኸው ነው። የታመመ ወይም የተጎዳ አዛውንት ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከርለታል፤ ስልሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ስምንት ግራም ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በቀን አንዴ መቅመስ አይበቃም፤ ፕሮቲኑ ለቁርስም፣ ለምሳም፣ ለራትም ይከፋፈል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

በጾም ወራት ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ብዙ ያግዛሉ፤ ጤፉም ከስንዴ የበለጠ ካልሲየም አለው። ስብራት ላይ ሆነው ረጅም ሰዓት የሚጾሙ አረጋውያን ግን የንስሐ አባታቸውንና ሐኪማቸውን ያማክሩ። በስዊድን፣ በእንግሊዝ ወይም በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ጥቁር ቆዳና አጭር የክረምት ፀሐይ ሲገናኙ ቫይታሚን ዲ እንደሚያንስ ማወቅ አለባቸው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በቀላሉም ይታከማል።

ተረት 7፦ መውደቅ የእርጅና ዕጣ ነው

እውነታ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ በመላው ዓለም 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ይሞታሉ፤ ብዙዎቹ ስልሳን ያለፉ ናቸው። ነገር ግን መውደቅን መቀነስ ይቻላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጠናቀረ ሰፊ ግምገማ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያሠለጥን እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በአንድ አራተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ድርጅቱም ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። መሣሪያ አያስፈልግም፤ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ከወንበር ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ለመጀመሪያ ይበቃል።

የቤቱም ነገር ይታይ። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው፤ የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሣ፤ ተረከዝ የማይዝ ሸበጥ ይቀየር፤ ዓይን ይመርመር፤ የሚያዞር የግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ካለ ለሐኪም ይነገር። ከቆመበት ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ ጎልማሳ ወይም አዛውንት አጥንቱ የሳሳ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር፤ አንዴ እንዲህ የተሰበረ ሰው ዳግመኛ የመሰበር ዕድሉ እጥፍ ገደማ ነው፤ የሚያጠነክር መድኃኒትም አለ።

በመጨረሻም ለልጆችና ለልጅ ልጆች፦ አክብሮታችሁ አይቀንስ፤ እናት አባታችሁን ግን አታስቀምጧቸው። ክንዳችሁን አውሷቸውና አብራችኋቸው ተራመዱ። እርስዎም አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜዎ አርባም ይሁን ሰማንያ፣ ስብራቱ ሲታሰር ሐኪምዎን «ዛሬ ምን ማንቀሳቀስ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በዚያው ቀን ይጀምሩት።