በጀምበር መጥለቂያ ብሩሽ ማንሣት

ወታደር መልክዓ ምድርን ከማንም በላይ ያውቃል። ኮረብታው ለእርሱ የከፍታ ቁጥር ነው፤ ሸለቆው መከለያ፣ የጫካው ጠርዝም ጠላት ሊያደፍጥበት የሚችል ስፍራ ነው። ይህ ዕውቀት ሕይወቱን የሚጠብቅለት በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም። ይሁን እንጂ ዘወትር አደጋን ብቻ ሲፈልግ የሚውል ዓይን ከቤትም ገብቶ አያርፍም፤ ሚስትና ልጆች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያስተውሉታል። ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ያንኑ ኮረብታ በሌላ ዓይን መመልከትን ስለሚያስተምር አንድ ሥራ፣ ይኸውም በጀምበር መጥለቂያ ከሜዳ ወጥቶ ገጠርን ስለ መሣል እናወሳለን።

ቀድሞ ሠዓሊው የዘይት ቀለሙን ለውሶ በአሳማ ፊኛ ቋጥሮ ይይዝ ስለነበር ሜዳ ወጥቶ መሣል አድካሚ ነበር። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ በ1841 እ.ኤ.አ. ተጨምቆ የሚወጣውን የቀለም ቱቦ ከፈለሰፈ ወዲህ ግን ሥራው ቀለለ። የጦር ሰዎችም ከዚህ ጥበብ አልራቁም። ዊንስተን ቸርችል ብሩሽ ያነሣው የዳርዳኔልስ ዘመቻ ተሰናክሎ ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ በተነሣበት በ1915 እ.ኤ.አ. ነበር። በተከታዩ ዓመት በቤልጅግ ግንባር አንድ ሻለቃ ጦር ሲያዝም መሣሉን አልተወም።

ለእኛ አገር ሠዓሊ ከሁሉ የሚጸናበት የጊዜ ማጠር ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ለሥራ የሚበቃው ብርሃን ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በታኅሣሥ ወር ከቢሾፍቱ አጠገብ ወደ ምዕራብ ዞረን ብንቆም የአዳ ጤፍ ታጭዶ ክምሩ ሲያበራ፣ በስተግራችንም የዝቋላ ተራራ ወደ ሐምራዊነት ሲለወጥ እናያለን። ጀምበሯ የምትቀላው ጨረሯ በወፍራሙ የአየር ሽፋን ውስጥ አግድም ስለሚጓዝ ነው፤ ሰማያዊው ብርሃን በመንገድ ተበትኖ ሲቀር ቀዩና ብርቱካንማው ከዓይናችን ይደርሳል።

ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በቦታው መገኘት ያስፈልጋል። ለጀማሪ የውሃ ቀለም፣ ሁለት ብሩሽ፣ የደብተር ገጽ የሚያህል ወፍራም ወረቀትና ወረቀቱ የሚለጠፍበት ስስ ጣውላ ይበቃሉ። በመጀመሪያ የአድማሱን መስመርና የተራራውን ቅርጽ በእርሳስ መንደፍ፣ ቀጥሎ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ብርሃኑንና ጥላውን መለየት ነው። ፈዛዛው ቀለም ይቀድማል፤ ጥቁሩ ይከተላል። የማታ ጥላ ጥቁር ሳይሆን ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ያዘነበለ መሆኑን ልብ ይሏል። ከወረቀቱ ንጣት የበለጠ ብርሃን ልንሠራ ስለማንችል፣ ፀሐይዋ የምትደምቀው ዙሪያዋን በማጥቆር ነው። ፀሐይን ግን አፍጥጦ መመልከት ዓይንን ይጎዳል። ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሥዕሉን ማደስ ከንቱ ድካም ነው፤ አንዱን ቅጽበት መርጦ በእርሱ መጽናት ይገባል። የቀረውን የቀለም ስም ከንድፉ ጠርዝ ላይ ጽፎ በማግስቱ መጨረስ ይቻላል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ምሽግ፣ ድልድይ፣ የጥበቃ ማማ፣ የመገናኛ አንቴናና የተሽከርካሪ ማቆሚያ ከቶ አይሣሉም፤ የጦር ሰፈሩም ስም ከሥዕሉ ላይ አይጻፍም። ዛፍ፣ ተራራና ሰማይ ምስጢር አያወጡም፤ ከሥዕሉ ጀርባም ቀኑ ብቻ ይበቃል።

እንዲህ ያለችው ትንሽ ወረቀት በፖስታ ተጣጥፋ ከቤት ስትደርስ ከደብዳቤው የቀረውን ትናገራለች። አባቱ የሄደበትን አገር በስም ብቻ የሚያውቅ ሕፃን በዚያም ጀምበር እንደምትጠልቅ ያያል። እናትም ከልጆቿ ጋር በደጃፏ ያለውን ዛፍ ወይም የጎረቤቱን ክምር ሥላ መልስ ብትልክ፣ ወታደሩ የቤቱን ምሽት በእጁ ይይዛል። ለዚህ የሠዓሊነት ማዕረግ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ምሽት ከተረኛነት ነፃ የሆነ ሰው፣ መሣሪያውን በሥርዓቱ ካስቀመጠ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ አንድ ሰዓት ቢያውል ትርፉ የቤተሰቡ ሁሉ ነው።