ህድሞ፦ መብራት የማይጠይቀው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ

መቀሌ ውስጥ ማሞቂያ ወይም ኤሲ የገባለት መኖሪያ ቤት ጥቂት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ቀን ሹራብ ያስወለቀው ሰማይ ማታ ጋቢ ያስደርባል። ይህን ልዩነት ለዘመናት ሲያስታርቅ የኖረው ቤቱ ራሱ ነበር።

ህድሞ በትግራይና በኤርትራ ደጋ የሚሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ዋናው ጥበብ ግን ከላይ ነው። በምሰሶዎቹ ላይ ወፋፍራም አግዳሚዎች ይጋደማሉ፤ በእነርሱ ላይ ቀጫጭን እንጨት ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ቅጠላ ቅጠል ይነጠፍበታል፤ በመጨረሻ አፈር ተደልድሎ በእግር ይረገጣል። በበጋ አፈሩ ስለሚሰነጠቅ ክረምት ሳይገባ ጣራው ላይ ተወጥቶ ስንጥቁ ይሞላል፣ እንደገና ይረገጣል። ይህን የዘነጋ ቤት ሐምሌ ላይ ማፍሰሱ አይቀርም።

ድንጋይና አፈር ሙቀት የሚቀበሉት ቀስ ብለው ነው፤ የሚለቁትም እንደዚያው። የቀትር ፀሐይ ያጋለው ጣራ ሙቀቱን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ ሰው ጋቢውን በሚፈልግበት ጊዜ ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘው ግድግዳ ደግሞ በማግስቱ የቀኑን ሙቀት ይውጣል። መቀሌ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ዳግም እስከተገናኘችበት እስከ ኅዳር 2015 ዓ.ም. በመብራት እጦት የከረመ ነዋሪ፣ ኃይል የማይጠይቅ ቤት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም።

ህድሞን የተካው ቆርቆሮ ነው። ሰው አልተሳሳተም፤ የተረገጠ አፈር በሜትር ኩብ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፣ ይህን የሚሸከም የጽድና የወይራ ግንድ ዛሬ ከየት ይመጣል? ቅር የሚያሰኘው ጣራው ሲለወጥ የሚሠራው ሥራ መረሳቱ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቆርቆሮ ፀሐይ እንደነካው ይግላል፤ ሲመሽ ሙቀቱን ለጠራው ሰማይ ሰጥቶ ከውጩ አየር በታች ይቀዘቅዛል። ብርዱን በከሰል ልመልስ ማለት ደግሞ አደገኛ ነው፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመነጭ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

ቤት የሚያድስ ሰው ከጣራው ይጀምር። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይመታ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው። የድንጋይ ግድግዳ ካለ አይፍረስ፤ የእንደርታ የኖራ ድንጋይ ባዶ ብሎኬት የማይሠራውን ይሠራል። መስኮት የሚከፈት ከሆነ ወደ ደቡብ ይሁን። በታኅሣሥ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ስለምታልፍ ብርሃኗ ክፍሉ ውስጥ ይዘልቃል፤ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ግን ቀትር ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ያው መስኮት ጥላ ውስጥ ይውላል። በግንቦት ሙቀት መስኮቱን ሌሊት መክፈት፣ ረፋድ ላይ መዝጋት ነው።

ኤሲ የሚያስፈልገው ቤት ካለም ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ይገዛ፤ ያኔ አነስተኛው ይበቃዋል።